ሐረጎ ላይ ማን ወረደ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ያለውን ወጣት ጭኑ ላይ ስለያዘው ካርቶን ጠየቁት።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«አሻንጉሊት ነው እናቴ። ገና ያልወጣ የቪዲዮ ጌም ላይ ያለ ሰውዬ ነው።»

«ለልጅህ ነው?»

«ለራሴ ነው። እንዲህ ያሉትን እሰበስባለሁ።»

«እስቲ ክፈተውና ልየው።»

«አይሆንም፤ እሽጉ ከተቀደደ ሰብሳቢ አይፈልገውም።»

«ይናገራል እንዴ?»

«ኧረ ፕላስቲክ ነው፤ ባትሪም የለው።»

«ታዲያ ቅድም ሐረጎ ላይ ‹ወራጅ አለ› ያለው ማን ነው?»

«እርስዎ መስለውኝ ነበር።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። ድምፁ የመጣው ካንተ ጭን ላይ ነው።»

«መኪናው እኮ ቆሞ፣ በሩም ተከፍቶ ነበር። ግን ማንም አልወረደም።»

«እስቲ ካርቶኑን ብድግ አርገው።»

ብድግ አደረገውና እሽጉን አገላብጦ አየ።

«ምነው?»

«ቀለለኝ። እሽጉ ግን እንዳለ ነው።»

«አዑዙ ቢላሂ። ወራጁማ ወርዷል ልጄ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።