አባ ላባና ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ወፎች

አባ ላባ ዓይን ሐኪም ቤት ተራቸውን ሲጠብቁ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ ወፍ ስትስል አዩ። ዓይናቸው ቢደክምም ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም።

“ልጄ፣ ምንቃሩን አሳጥረሽዋል። ጫፉም ወደ ታች ጎበጥ ይላል” አሏት።

ወጣቷ ቀና ብላ አየቻቸው። “ወፍ ያውቃሉ እንዴ፣ አባባ?”

“ጥቂት ጥቂት” አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ጥቂት ያሉት ለትሕትና ነው። አባ ላባ የሚለው ቅጽል የወጣላቸው በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወፍ ቆዳ ሲገፍፉ፣ ጥጥ ሲሞሉና ሲሰፉ ስለኖሩ ነው። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት አልፏል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከሙዚየሙ አንድ ሰው እንኳ ደውሎ ደህና ነዎት ወይ አላላቸውም። ለማንም አልተናገሩም እንጂ በነገሩ ቅር ብሏቸው ነበር።

ወሬ ሲጀምሩ ወጣቷ የሙዚየሙ አዲሷ ኃላፊ ሆና ተገኘች። እሷም ማንነታቸውን ስትረዳ እርሳሷን አስቀመጠች።

“አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን ስፈልግ ወር ሊሞላኝ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የሰጠኝ ስልክ አይሠራም።”

“ምን ልትዪኝ?”

“ያለንበት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ የእንጨት ሳጥኖቹ ውስጥ ብል ገብቷል። አሁን አዲስ ሕንፃ ተሠርቶልናል፤ ግጥም ብሎ የሚዘጋ የብረት ቁም ሣጥን አለው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ግን የፋኩልቲው ዲን ትእዛዝ አወጡ። የተገኘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈለት ነገር አዲሱ ሕንፃ አይገባም፣ ይወገዳል። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ወፎች እግራቸው ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የቀረን ሦስት ሳምንት ነው።”

አባ ላባ ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። “ሌላው እዚህ አለ። የድሮው መዝገብ ሲሞላ አዲስ እንዲገዛልኝ ጠየቅሁ። ዛሬ ነገ ሲሉኝ እኔም ያለ መዝገብ መሥራት ለመድኩ። ምን ጎደለ? የጠየቀኝ ሁሉ መልሱን አግኝቷል።”

“እርስዎ በነበሩ ጊዜ ልክ ነው። አሁንስ?”

“አሁንማ ይጥሩኝ። እግር አለኝ፣ እመጣለሁ።”

“ዕድሜ ይስጥዎት፣ አባባ። የልጅ ልጆቻችን ሲማሩበትስ ማንን ይጥሩ?”

“ወረቀት እኮ ውሃ ያበሰብሰዋል፣ አይጥ ይቆረጥመዋል። ከእኔ በምን ይበልጣል?”

“አንዱ ቢበሰብስ ግልባጩ ሌላ ቤት ይቀመጣል። የእርስዎ ጭንቅላት ግን ግልባጭ የለውም።”

እውነቱን ለመናገር፣ አባ ላባን ያስፈራቸው አይጡም ውሃውም አልነበረም። የሚያውቁት ሁሉ ወረቀት ላይ ከሰፈረ እሳቸውን የሚፈልግ ሰው እንደማይኖር ይታያቸው ነበር። ብዙ ባለሙያ እውቀቱን የሚቆልፍበት ምክንያት ስስት ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መረሳትን መፍራት ነው።

“ነገ ጠዋት እመጣለሁ” አሉ፣ ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ። “ሁሉንም በቃሌ እወጣልሻለሁ። ያን ጊዜ ታምኛለሽ።”

በማግሥቱ በድሮው ክፍል ውስጥ፣ ጣሪያው ለሚያፈሰው ውሃ ከተደረደሩት ባልዲዎች መካከል ተቀመጡ። አባ ላባ ወፎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ይናገራሉ፤ እሷ ትጽፋለች። “ቁጥር አርባ። ከረግረጉ ዳር።” “ቁጥር አርባ አንድ። ከእህል ጎተራው ጀርባ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል።” እስከ ምሳ ድረስ ሰባ ወፍ አለፈ፤ ሽማግሌውም ሃያ ዓመት የቀነሱ መሰሉ።

ከምሳ መልስ ጠረጴዛው ላይ የቀረች አንዲት ወፍ አነሡ። “ይቺ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ከጥዱ ደን።”

ወጣቷ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

“ምነው አትጽፊም?”

“ቁጥር አርባ ናት፣ አባባ። ጠዋት ከረግረጉ ዳር ብለውኝ ነበር።”

አባ ላባ ወፏን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። “የተሳሳትኩት ጠዋት ነው ወይስ አሁን?”

“እኔ አላውቅም።”

“እኔም አላውቅም” አሉና ወፏን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሲወጡ እሷም አልከለከለቻቸውም።

የአባ ላባ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። የቤቱ የፊት ክፍል የእሳቸው መሥሪያ ነው። አባ ላባ ገብተው ጨርቅ ክምር ላይ ዘፍ ሲሉ፣ ሴትዮዋ የስፌት መኪናቸውን አቁመው የሆነውን ሁሉ አደመጡ።

“እስቲ ልጠይቅህ” አሉ በመጨረሻ። “የስንት ደንበኛ ወገብ በቃሌ የማውቅ ይመስልሃል?”

“የሁሉንም።”

“የአንድ ሰውም አላውቅም። ለካሁ፣ ጻፍኩ። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፤ እኔም እረሳለሁ። ሁለት ጊዜ ልብስ ካበላሸሁ በኋላ ነው የገባኝ።”

ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ የልኬት ደብተሮቻቸውን አወረዱ። በየገጹ ልኬትና ቀን አለ፤ ከሥሩም ከጨርቁና ከክሩ ቁራጭ በመርፌ ተሰክቷል። አባ ላባ ደብተሮቹን ስንት ዓመት በአጠገባቸው ሲያልፉ አንድ ቀን እንኳ ገልጠዋቸው አያውቁም።

“ወፎችህን በማን ክር ነበር የምትሰፋው?”

“ባንቺ።”

“ሳትጠይቀኝ።”

“ሳልጠይቅሽ” አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

“ቁጥር አርባን በምን ዓይነት ክር ሰፋኸው?”

አባ ላባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ሐምራዊ ነው። ዛሬ እጄ ላይ ነበር።”

ሴትዮዋ ገጽ እየገለጡ ሄዱና ጣታቸውን አሳረፉ። “ይኸው ሐምራዊው። የነርሶቹን ደንብ ልብስ የሰፋሁበት፣ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት። ጥቅሉ ቶሎ ያለቀብኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።”

“ጎርፍ ድልድዩን የወሰደበት ዓመት ነው” አሉ አባ ላባ፣ ቀስ ብለው። “በዚያ ዓመት ወንዙን አልተሻገርንም። እንግዲያው ከረግረጉ ናት። ጠዋት ልክ ነበርኩ።”

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። “ሁሉም ከተጻፈ በኋላ እኔ ምን እሠራለሁ?”

“ደብተሬን ማንበብ የቻለ ሁሉ ያነበዋል” አሉ ባለቤታቸው። “ልብስ የሚያሰፋው ግን አሁንም የሚመጣው እኔ ጋ ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሠሩ። ባልየው ስፌቱን በጣታቸው ዳብሰው እያገኙ የክሩን ቀለም ይናገራሉ፣ ሚስትየው ደብተር ይገልጣሉ፣ ወጣቷ በሁለት ግልባጭ ትጽፋለች። ያልተረጋገጠ ነገር ሲያጋጥም “በግምት አትጻፊ፤ አናውቅም በዪ” የሚሉት አባ ላባ ሆኑ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አምስት መቶ ሰባ አንዱ ወፎች ቦታና ቀን አገኙ። አርባ አንዱ ቀሩ።

ዲኑ መጥተው መዝገቡን አገላበጡ። “የልብስ ክር ማስረጃ ይሆናል? ደግሞስ አንዲት ቡናማ ወፍ ካለችን፣ እሷን የሚመስሉ መቶ ማኖር ለምን አስፈለገ?”

ወጣቷ ልትመልስ ስትል አባ ላባ ቀደሟት። “ጌታዬ፣ ክሩ እንዴት እንደተመሳከረ በየገጹ ተጽፏል፤ የተጠራጠረ ይመርምረው። ስለ መቶዎቹ ግን እኔ ልንገርዎት። ረግረጉ ዛሬ ደርቆ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሆኗል። እዚያ ምን ይኖር እንደነበር ምስክሩ ይህ መሳቢያ ነው። አንዷ ወፍ አንድ ቀን ትነግርዎታለች፤ መቶዎቹ ሠላሳ ዓመት ይነግሩዎታል። የቱ ወፍ መቼ መጣ፣ መቼ ጠፋ፣ ከየት ወዴት ሸሸ። ሌላ ወፍ ነገም ይጠመድ ይሆናል፤ ያለፈ ዓመት ግን አይጠመድም። ቦታና ቀን ከሌለው ደግሞ ላባ ብቻ ነው። ይህን እኔ ራሴ የተማርኩት በዚህ ወር ነው።”

ዲኑ የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ገለጡ። “አርባ አንዱንስ ምን እናድርጋቸው?”

“ምንጩ ገና ያልተረጋገጠ ብለን ለብቻ እናስቀምጣቸው” አለች ወጣቷ። “ማስረጃ ሊገኝ ይችላል።”

“ይግቡ” አሉ ዲኑ። “ሁሉም ይግቡ።”

ዝውውሩ ግማሽ ቀን ፈጀ። ተማሪዎቹ ከአሮጌው በር እስከ አዲሱ ሕንፃ ተሰልፈው መሳቢያዎቹን በእጅ ተቀባበሉ። አንዲት ላባ እንኳ አልወደቀችም። የመጨረሻው የብረት በር ግጥም ብሎ ሲዘጋ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። አባ ላባ እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ክፍሉ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር፤ ባልዲም አልነበረበትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ወደ ሙዚየሙ መጣ። ማሳ የሚያራቁተው የእህል ወፍ ወደ ደጋው መውጣት የጀመረው መቼ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ፤ ገበሬው ቀድሞ እንዲዘጋጅ። ወጣቷ መዝገቡን ገለጠች፣ መሳቢያ ሳበች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓመቱንና ወሩን ነገረችው። ከሰዓት በኋላ አባ ላባ ቤት ሄዳ ይህንኑ አወራቻቸው።

“ሳትጠሩኝ አገኛችሁት?”

“ሳንጠራዎት፣ አባባ። ተኝተው ይሆናል ብዬ ነው።”

“ተኝቼ ነበር።” ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ትከሻቸውን እስኪነቀንቀው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው መሥሪያ ክፍል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ተጣሩ። “ሰማሽ አንቺ? እኔ ተኝቼ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ሥራ ላይ ዋለ።”