በላይ የሚያልፍ ጥይት

ከአማኑኤል ወደ ማርቆስ በሚመጣው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። ጎልማሳው ሐዘን ላይ መሆኑን ከተላጨው ራሱ አወቅሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ድሮ ኢላማ ተኳሽ ነበሩ አሉ።»

«ነበርኩ። አሁንማ በሬን ከበግ አልለይም።»

«ለመጪው በዓል በሰፈራችን የኢላማ ውድድር አለ። እኔ ጀማሪ ነኝ። የአባቴ ተራ ሲጠራ ከቤታችን ሰው ካልቆመ፣ ተራው ለሌላ ቤት ይሰጣል።»

«ኢላማው ሩቅ ነው?»

«ከሸለቆው ማዶ ነው የሚተከለው። ትናንት አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁሉም በላይ በላይ አለፈ።»

«ሁለቱንም ዓይንህን ጨፍነህ እንዳይሆን!»

«ኧረ አይቀልዱብኝ!»

«ነፋሱንስ? ሣሩ ወዴት እንደተኛ አየህ?»

«አይቻለሁ። ትንፋሼንም ያዝኩ። ቃታውን ስስብ ግን አፈሙዙ ብድግ ይልብኛል።»

«ከዚህ በፊት የት ተኩሰሃል?»

«አንድ ቀን ብቻ። አባቴ ሲቀበር።»

ሽማግሌው ወደ ጎልማሳው ዞር አሉ።

«ወደ ሰማይ ነዋ የተኮስከው።»

«አዎ፣ እንደ ለቀስተኛው።»

«እጅህ የተማረው ያንን ነው፣ ልጄ። ያንን እስኪረሳ ድረስ ኢላማ አትመታም።»

«እንዴት ነው የሚረሳው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። እኔም ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ አንድም ቀን መትቼ አላውቅም።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል፣ ሚኒባሱ ይዞኝ አለፈ።