የአስካለ ማገዶ

(ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት የጥር ጠዋት፤ የሕዝብ ሻወር ቤት ኃላፊው ጋሼ ሸዋንግዛውና ሰጋቱራ ጨምቃ ማገዶ የምታቀርብለት አስካለ፣ ቦይለሩ ክፍል ውስጥ።)

ሸዋንግዛው፦ አልኩሽ እኮ፣ ጆንያሽን ሰብስበሽ ውጪልኝ! ባህር ዛፍ የጫነው አይሱዙ እየመጣ ነው።

አስካለ፦ አልወጣም።

ሸዋንግዛው፦ ምን አልሽ?

አስካለ፦ አልወጣም አልኩ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ጥፋቴን ይንገሩኝ።

ሸዋንግዛው፦ ጥፋቴን ትላለች እንዴ! ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሳይታጠብ ተመለሰ። ውሃው በረዶ ነው! የሰፈር መሳቂያ አደረግሽኝ።

አስካለ፦ ባለፈው ሳምንት ውሃው ፈጀን ብለው የጮኹትስ እነማን ነበሩ?

ሸዋንግዛው፦ ያ ሌላ። ይኸው እይው! እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው ብለሽ ያመጣሽው የተጨመቀ ሰጋቱራ ገንፎ ሆኗል።

አስካለ፦ ወይ ጉድ! ይሄ የኔ ነው?

ሸዋንግዛው፦ የማን ሊሆን ኖሯል? እኔን ነው መምታት፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ጥራጊ ይነዳል ብዬ ማመኔ!

አስካለ፦ ጥራጊ አይበሉት! ስምንት ዓመት ጠርጌዋለሁ፤ ሜዳ ላይ ቆልለው በከንቱ ሲያቃጥሉት አይቻለሁ። አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ያጠበው እሱ ነው። ዛሬ እርስዎ ካባረሩኝ ነገ ማገዶዬን የሚገዛኝ የተማሪዎች ማደሪያም ያባርረኛል። መጭመቂያዬን ቆልፌ ወደ መጥረጊያዬ ልመለስ? አላደርገውም!

ሸዋንግዛው፦ ምላስሽ ከማገዶሽ ይሻላል፣ እሱስ ይነዳል።

አስካለ፦ ማገዶዬን ያስቀመጡበት መጋዘን ያፈሳል?

ሸዋንግዛው፦ በጥር ምን ዝናብ አለና?

አስካለ፦ ሌላ ሰው ይገባበታል?

ሸዋንግዛው፦ ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ከሰል የነገድኩ ሰው ነኝ፤ የማገዶ አያያዝ አንቺ አታስተምሪኝም።

አስካለ፦ ከሰሉን እንዴት ነበር የሚይዙት?

ሸዋንግዛው፦ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ረጨት ማድረግ ነው፣ አቧራው እንዳይነሳ።

አስካለ፦ ጋሼ... የኔንም ረጩት?

ሸዋንግዛው፦ ትንሽ ነው እኮ።

አስካለ፦ ምን ያህል?

ሸዋንግዛው፦ አንድ... ሁለት ባልዲ።

አስካለ፦ ሁለት ባልዲ! ውሃ ከነካው ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል ብዬ መጀመሪያ ቀን አልነገርኩዎትም?

ሸዋንግዛው፦ ነግረሽኛል መሰለኝ። ወሬ ታበዛለች ብዬ ነው።

አስካለ፦ ያቺ ጥግ ያለችው ጆንያ ደረቅ ናት፣ አልተረጨችም። ያምጧት! ክብሪትም ይስጡኝ።

ሸዋንግዛው፦ ቀስ በይ፣ እጅሽን እንዳትቃጠዪ... ያዘ እንዴ? ጭስ እንኳ የለውም!

አስካለ፦ ሙሽራውን ያስጠሩት። ሩብ ሰዓት ይበቃኛል።

ሸዋንግዛው፦ አይሱዙው ደረሰ፣ ጥሩምባው ይሰማሻል? አሁን ሾፌሩን ምን ልበለው?

አስካለ፦ ተመለስ ይበሉት። ከመውጣትዎ በፊት ግን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ እዚህ ያስቀምጡልኝ።