ለመኪናው ባለቤት

(አዲስ አበባ፣ ገርጂ፤ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ የግል መኪና ማቆሚያው የክፍያ መስኮት ላይ፤ ክራባት ያሰሩት አቶ ዳምጠው መኪናቸው ውስጥ ከወሰዳቸው እንቅልፍ ሲነቁ መስታወቱ ላይ ያገኟትን ወረቀት እያርገበገቡ ሠራተኛዋን እናኑን ይዘዋታል።)

ዳምጠው፦ የገንዘቡን በኋላ እንነጋገራለን! መልእክቷን መልሺልኝ ነው የምልሽ።

እናኑ፦ የተላከ እንዴት ይመለሳል ጋሼ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ?

ዳምጠው፦ ወረቀቷ ምን ትላለች? እስቲ አንብቢያት።

እናኑ፦ «ከተፈቀደው ሰዓት በላይ በመቆምዎ ተቀጥተዋል፤ ዝርዝሩ ትናንት ማታ ለመኪናው ባለቤት በስልክ ተልኳል።»

ዳምጠው፦ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ስልኬ ይኸው። ምንም አልመጣም።

እናኑ፦ ሰሌዳው ወይዘሮ ስንዱ ይልማ ነው የሚለው። ስንዱ እርስዎ ነዎት?

ዳምጠው፦ ስንዱ ባለቤቴ ናት!

እናኑ፦ ታዲያ ምን ቀረ? ለባለቤት ተልኳል፣ ለባለቤት ደርሷል።

ዳምጠው፦ አትቀልጂብኝ። ለመኪናው ባለቤት ይላል እንጂ ለኔ ባለቤት አይልም።

እናኑ፦ የመኪናውም የእርስዎም ባለቤት እሳቸው ከሆኑ ሲስተሙ ምን አጠፋ?

ዳምጠው፦ ቆይ፣ ስልኳን ከየት አመጣችሁት? እኔ አልሰጠኋችሁ።

እናኑ፦ ሰሌዳውን ስናስገባ ከሲስተም ይመጣል።

ዳምጠው፦ ባንክ ስሄድ ሲስተም የለም። የመብራት ልከፍል ስሄድ ሲስተም የለም። የኔን ጉድ ለማውራት ሲሆን ሲስተም ከየት መጣ?

እናኑ፦ የኛ ጎበዝ ነው። ተቋርጦ አያውቅም።

ዳምጠው፦ ደግሞ ለስንቱ ነው የምታድሉት? ከሰሞኑ አንድ የጎማ ነጋዴ ይደውልላታል። «የቪትዝዎ ጎማ ሳያልቅ አይቀርም» ይላታል። ጎማዋን ማን አሳየው? ቀጥሎ የኢንሹራንስ ሰው። ቀጥሎ የመኪና ደላላ! «ልትሸጠው ነው እንዴ?» ብላ አፋጠጠችኝ።

እናኑ፦ አጋሮቻችን ናቸው።

ዳምጠው፦ እኔ ያለችኝ አጋር አንዲት ናት፤ የትዳር። እሷንም ልታሳጡኝ ነው።

እናኑ፦ ሲገቡ ቲኬት ወስደዋል። ከጀርባው «መረጃው ለአጋሮች ቢሰጥ ተስማምቻለሁ» ይላል።

ዳምጠው፦ ያቺ የጉንዳን ሰልፍ የምትመስለዋ? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ደግሞ የተስማማሁት እኔ፣ የተሰጠው የሷ ስልክ። ይኼ የት አገር ያለ ስምምነት ነው?

እናኑ፦ እሱስ እውነትዎን ነው።

ዳምጠው፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

እናኑ፦ እኛ የነቀነቅነው የዝናብ መጥረጊያውን ነው፤ ወረቀቷን ለማስገባት።

ዳምጠው፦ ቅጣቱስ ቢሆን? ሾፌሩ ያልወረደበት መኪና ቆመ ይባላል?

እናኑ፦ አይባልም። ኖረ ነው የሚባለው።

ዳምጠው፦ ምን ማለትሽ ነው?

እናኑ፦ ኧረ ምንም። ጠዋት በክራባት ይገባሉ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛሉ፣ ምሳዎን ከምሳ ዕቃ ይበላሉ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ እርስዎም ይወጣሉ። ፎቅ ግን ወጥተው አያውቁም።

ዳምጠው፦ ስብሰባ እየጠበቅሁ ነው።

እናኑ፦ ከፋሲካ ጀምሮ?

ዳምጠው፦ ሰዎቹ ይዘገያሉ።

እናኑ፦ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከምሰሶው ወዲያ ያለው ኮሮላም ስብሰባ ይጠብቃል።

ዳምጠው፦ እሱም?

እናኑ፦ እሱም ክራባት አለው።

ዳምጠው፦ …ስሚኝ ልጄ። ቅነሳ ብለው ነው ያስወጡኝ። ሌላ ሥራ ይዤ ልነግራት ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል እዚህ ደረስኩ። መልእክቷ ምን ምን ትላለች?

እናኑ፦ ሰሌዳ፣ ቦታ፣ የገቡበት ሰዓት፣ የወጡበት ሰዓት። የትናንቱ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው።

ዳምጠው፦ ጉዴ ፈላ! ግን እኮ ማታ ምንም አላለችም። እንዲያውም ወጥ ጨመረችልኝ። አላየችውም ማለት ነው! ቶሎ በይ፣ የሷን ስልክ አውጪና የኔን አስገቢ። ቅጣቱን እከፍላለሁ፤ እጥፍ ብትይኝም እከፍላለሁ።

እናኑ፦ የባለቤት ስልክ የሚለወጠው ባለቤት ቀርቦ ነው።

ዳምጠው፦ ስንት ዘመን አብሬያት የኖርኩት እኔስ ምንድን ነኝ?

እናኑ፦ ሲስተሙ ላይ? «ሌላ ተጠቃሚ»።

ዳምጠው፦ አታድርቂኝ እባክሽ! ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ወጥቼ ራሴን እያዞረኝ ነው። መንገድ ላይ ሰው ቢያየኝ፣ ጎረቤት ቢስቅብኝ ግድ የለኝም። ግን ጠዋት ጠዋት ክራባቴን የምታስተካክልልኝ እሷ ናት። «ወዴት ልትሄድ ነበር ሳስተካክልህ የከረምኩት?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?

እናኑ፦ እፎይ! እንግዲህ ራስዎ ተናገሩት፤ እኔም ከአደራዬ ወጣሁ።

ዳምጠው፦ የምን አደራ?

እናኑ፦ ቅድም አንዲት ሴትዮ መጥተው ነበር። «ስልኬን ለጎማ ነጋዴ የሸጠው የቱ ነው?» ብለው አለቃዬን አንቀው ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም። ቅጣቱን ሰረዘ፣ ስልካቸውንም አጠፋ። አለቃዬ እስካሁን ሻይ ቤት ነው፤ እስኪረጋጋ። እኔን ደግሞ ሴትዮዋ «ባሌ ራሱ እውነቱን ካልተናገረ መምጣቴን እንዳትነግሪው» አሉኝ።

ዳምጠው፦ ስንዱ… እዚህ? አየችኝ?

እናኑ፦ ተኝተው ነበር። መስታወቱ አጠገብ ትንሽ ቆሙ። ልቀስቅሳቸው ብላቸው እምቢ አሉ።

ዳምጠው፦ እና… ምን አለች?

እናኑ፦ ይኸው ምሳ ዕቃዎ፤ ከበድ ይላል፣ ለሁለት ሰው ነው የቋጠሩት። «የመኪናው ባለቤት በምሳ ሰዓት ትመለሳለች፤ ወንበሯን ጠርጎ ይጠብቃት» በይው አሉኝ።