ለመገጣጠሚያ የተጠጣ ቅቤ

«ልብሽ ደህና ነው ተባልኩ!»

ወደ አንጋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ጣታቸው ያበጠ እናት ጎናቸው ላሉት ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ፣ ሳላውቃቸው ደስ አለኝ።

«ልብሽን ያምሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ መገጣጠሚያዬን ነው፣ አባባ። ሰውነቴ ራሱን እየወጋ ነው አሉኝ። ይኸው በሽታ ልብንም ስለሚጎዳ ተመርመሪ ተባልኩ።»

«ቅቤ አልጠጣሽም? መገጣጠሚያ ያለሰልሳል እኮ።»

«በየጠዋቱ አንድ ሲኒ! ሐኪሟ ስትሰማ ‹ለጣትሽ ብለሽ ልብሽን ልታሳምሚ ነው?› ብላ ተቆጣችኝ።»

«አታካናስ፣ ያ በቅቤ የሚርሰው የእንሰት ምግባችን?»

«ለመስቀል ብቻ፣ ቅቤው ትንሽ ሆኖ።»

«ቅቤው ትንሽ ከሆነ ምኑን አታካና ሆነ!»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

እኔ ግን የእናቴ ያበጡ ጣቶችና የጠዋት የቅቤ ሲኒዋ ትዝ አሉኝና ነገ ሐኪም ቤት ልወስዳት ወሰንኩ፤ እናንተም ቤት እንደሷ ያለ ሰው ካለ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንሂድ።