ቢቀልባትም ሞታለች

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ እንቁላል የሞላ ቅርጫት ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ያለው ጎልማሳ በስልኩ ፊልም ያያል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ተማሪም አንገቷን አስግጋ ታያለች። የፊልሙ ጀግና ከፎቅ የወደቀችውን ሴት መሬት ልትነካ ስትል በርሮ መጥቶ በሁለት እጁ ቀለባት።

«ወላሂ ተረፈች!» አለ ሰውየው።

«ሞታለች» አለች ልጅቷ።

«ይኸው ትስቃለች እኮ!»

«ትሳቅ። ክንዱ ብረት ነው አላሉም? ብረት ላይ መውደቅ መሬት ላይ ከመውደቅ በምን ይሻላል?»

«ይዟት እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ አባቴ ጫኝና አውራጅ ነው። ከመኪና ላይ ጆንያ ሲወረውሩለት ተገትሮ አይቀበልም፤ እጁን እንደነካው አብሮት ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ጉልበቱን ሊያሳይ ተገትሮ ተቀበለ፣ ትከሻው ወለቀ።»

«አባትሽ ሰው ነው። ይሄ ኃይል አለው።»

«ኃይሉን ማን ጠየቀው? አብሯት ዝቅ ይበል ነው የምለው።»

«ይህንን ለፊዚክስ አስተማሪሽ ንገሪው።»

«ክፍል ውስጥ ተናግሬ ተማሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ነገም እናገራለሁ።»

«ኧረ በአላህ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ፊልም ስለሆነ እሱ ይብረር፣ መብረሩን ትቼለታለሁ። እሷ ግን ሰው ናት።»

ሚኒባሱ ወደ ኮረኮንቹ ሲገባ ቅርጫቱን ከጭኔ ላይ አነሳሁና ክንዶቼን ላላ አደረግሁ።