የድንገተኛ ጨረታ

— ሄሎ?... ሄሎ? አቤት፣ ዓለሚቱ ነኝ፤ የካምባ ወረዳ የሥር ለቃሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ። ማን ልበል?... ዳግም! የጨረታው ልጅ! እንደምን ዋልክ ልጄ?... ኧረ አይሰማኝም፣ ቆይ ወንበር ላይ ልውጣ። እዚህ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ጣሪያው ሥር ነው።

— ኤርጫፎ! ና ወንበሩን ያዝልኝ። አጥብቀህ! ባለፈው ዶሮ ላባርር ብለህ ለቀኸኝ ወገቤ እስካሁን አልዳነም።

— እ፣ አሁን ሰማሁህ። ሥራችን ወጣ?... የምን ሥራ ትለኛለህ፣ ሥሩን ነው የምልህ፣ ሥሩን! ኢንተርኔቱ ላይ ወጣ?... እሰይ! ተመስገን! ስንት ዓመት እንደ ሌባ ተደብቀን ስንሸጥ፣ ኬላ ላይ ስንቀማ ኖረን... ዛሬ ፈቃድ ይዘን፣ ማኅተም አስመትተን፣ በአደባባይ! እስከ ቅዳሜ ነው አይደል የሚጫረቱት?... ምን?... እስቲ ድገመው።

— ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይዘጋል?! ማን አለ?... እኔ? እኔ ምን ብዬ?... አዎ፣ "ድንገተኛ" ብዬ ጽፌያለሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ስሙ እኮ ነው! ሥሩ ራሱ ነው ድንገተኛ የሚባለው!... አይ፣ አይ፣ አስቸኳይ ሽያጭ ማለቴ አይደለም! ድንገት ሆድህን ሲቆርጥህ የምታኝከው ሥር ነው። ጭማቂውን ትውጣለህ፣ ቁርጠቱ ይለቅሃል። እናትህ አልነገረችህም?... ቦሌ ነው ያደግከው? እሺ፣ አልፈርድብህም።

— ኤርጫፎ፣ አትሳቅ፣ ወንበሩ እየተነቃነቀ ነው!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ስንት ሰው ገባ?... አንድ ብቻ? ስንት አለ?... ኧረ በዚህ ጎመንም አይገዛ! በዚህ ከሄደማ አለቀልን። የማኅበሩ ሴቶች ነገውኑ ለዚያ ተደብቆ ለሚመጣው ነጋዴ ነው የሚሸጡት። "በሕግ እንሽጥ ብለሽ አስበላሽን" ይሉኛል። የለመንኳቸው እኔ ነኛ! አንዱን ስትነቅሉ አንዱን ተዉ ብዬ፣ አናቱን መልሳችሁ ትከሉ ብዬ... ልጄ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ አራዝመው!

— አይቻልም?... ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ? እሱን ያዘዘው ሰው አይደለም እንዴ?... እ... ምክንያት ይጠይቃል? የሚቀበለው የምን ምክንያት ነው? እስቲ አንብብልኝ።... "በድንገተኛ ምክንያት ብቻ"?

— ኤርጫፎ! ሰማህ? በድንገተኛ ምክንያት ብቻ ይላል!

— ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ልጄ? ድንገተኛ እንደሆነ አንድ መጋዘን ሙሉ አለን!... የምን ውሸት? ምክንያቱ እሱ ራሱ አይደል? ስሙ ድንገተኛ ባይሆን መቼ ትሳሳት ነበር? ጻፈው! እንደ ስምህ ዳግም ክፈተው!... ጻፍክ?... ተቀበለ?... ቶሎ ንገረኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው።

— እስከ ቅዳሜ! እልልልል! ኤርጫፎ፣ አታጨብጭብ! ወንበሩን! በሁለት እጅህ!

— ተባረክ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ። ከነገ ጀምሮ ሴቶቹን ቀና ብዬ አያቸዋለሁ።... ምነው፣ ድምፅህ ምን ሆነ? አለቃህን ፈርተህ ነው?... ሆድህን? አሁን ነው የጀመረህ? ድንገት?... ውይ፣ የኔ ልጅ! ድንጋጤው ነው።... ከሥሩ ልላክልህ? እሱንማ... እሱንማ አይሆንም። ተመዝኖ ታሽጓል፣ ጨረታ ላይ ነው። አንዲት ቁራጭ ብነካ ሕግ ጣስኩ ማለት ነው፤ ያስፈረምከኝ አንተው አይደለህ?... አይዞህ፣ ለጊዜው ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ። ካልተወህ እንደ ሰው ተጫረት! ከጎመን ዋጋ ግን ከፍ አድርገው።... በል ደህና ሁን፣ እግዜር ይማርህ።

— ኤርጫፎ፣ አውርደኝ። ሁለተኛ ተጫራች አገኘን።